ኦካ፦ ፀሐይ የሚያጣፍጠው የአንዲስ ሥራ ሥር

ድንች ከደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች እንደመጣ ብዙዎቻችን እናውቃለን። በዚያው ደጋ፣ ከድንች ጎን ሲተከል የኖረውን ኦካን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። በፔሩና በቦሊቪያ ከፍተኛ ቦታዎች ከድንች ቀጥሎ በስፋት የሚለማው ሥራ ሥር እሱ ነው። የአካባቢው ጥንታዊ የኢንካ መንግሥት ሳይመሠረት በፊትም ይበላ ነበር። ከአንዲስ ነባር ሕዝቦች የኬችዋ ተናጋሪዎች “ኡቃ” ይሉታል። አይማራዎች “አፒላ” ይሉታል፤ ኮሎምቢያ ውስጥ ደግሞ “ኢቢያ” ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኦክሳሊስ ቱቤሮሳ ይባላል።

ከድንች ጋር በዘር አይገናኝም። ቅጠሉ እንደ ማገጥ ሦስት ሦስት ሆኖ ይወጣል፤ አበባው ቢጫ ነው። ቆፍረው ሲያወጡት ግን ዓይን ይስባል። ሞላላ ነው፣ በላዩ ላይ ሽብሽብ አለው፣ ቆዳው ሰም የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል። ነጩ አለ፣ ቢጫው አለ፣ ብርቱካናማው፣ ሮዙ፣ ቀዩ፣ ወይን ጠጁም አለ። አንድ ቅርጫት ኦካ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ቀለሙ እንጂ ስለ ምግብነቱ አይመስለኝም።

ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 እስከ 4,100 ሜትር ባለው ከፍታ ይበቅላል። ደብረ ብርሃንን ለሚያውቅ ሰው፣ ኦካ የሚጀምረው እዚያ ከፍታ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ዝናቡ ሲገባ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ይተከላል። የሚደርሰው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ነው። ገበሬው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ድንች ይተክላል፤ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ማሳ ላይ ኦካ ይከተላል። ኡሉኮና ማሽዋ የሚባሉት ሌሎች ሥራ ሥሮችም አብረው ይገባሉ። ከዚያ መሬቱ ለዓመታት ጦሙን ያድራል።

አሁን ወደ ጣዕሙ እንምጣ። ኦካ ጥሬውን ሲነክሱት ቀጭ ይላል፣ ጎምዘዝም ይላል። የሚያጎመዝዘው ኦክሳሊክ አሲድ ነው። የአንዲስ ገበሬዎች መፍትሔ ደግሞ ቀላል ነው፤ ካወጡት በኋላ ለጥቂት ቀናት ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ጎምዛዛነቱ ይቀንሳል፣ ስኳሩ ይጨምራል። በደንብ ፀሐይ የጠገበ ኦካ ሲቀቀል ወይም ሲጠበስ ስኳር ድንችን የሚያስታውስ ጣፋጭ ነው። ድንች ፀሐይ ላይ ቢውል አረንጓዴ ሆኖ ይመርራል፤ ኦካ ግን ፀሐይ በመታው ቁጥር ይጣፍጣል። ይህን የገበሬ ዕውቀት በጣም አደንቀዋለሁ።

ሁሉም ዝርያ ግን ለዚህ አይሆንም። ኬችዋዎች ኦካን በሁለት ይከፍሉታል። “ሚስኪ ኡቃ” ማለትም ጣፋጩ፣ ፀሐይ ላይ ውሎ ወዲያው የሚበላው ነው። ሌላው “ካያ ኡቃ” የሚባለው ጎምዛዛው ነው፤ እሱ ደርቆ ለክፉ ቀን ይቀመጣል። አሠራሩ ልፋት አለው። መጀመሪያ ለሳምንታት ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ከዚያ ውርጭ በሚወርድበት ወቅት ሌሊት ሜዳ ላይ ተሰጥቶ ያድራል። ሲረጋ ያደረው ኦካ ቀን ሲሟሟ ውኃው በእግር እየተረገጠ ይወጣል። ብርዱና ፀሐዩ እየተፈራረቁ አድርቀው ይጨርሱታል። የደረቀው “ካያ” ይባላል፤ ለረጅም ጊዜ ሳይበላሽ ይቆያል። ተፈጭቶ ጣፋጭ ሙቅ ይሠራበታል። ማቀዝቀዣ በሌለበት አገር ውርጭን ራሱን ማቀዝቀዣ ማድረግ ማለት ይህ ነው።

ታዲያ ድንች ዓለምን ሲያዳርስ ኦካ ለምን ቀረ? ዋናው ምክንያት የቀን ርዝመት ነው። ኦካ ከመሬት በታች ማፍራት የሚጀምረው ቀኑ ወደ 12 ሰዓት ሲያጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ አውሮፓ ውስጥ ከድንች ጋር ይወዳደራል ተብሎ ሞክረውት ነበር። የአውሮፓ በጋ ግን ቀኑ ረጅም ነው። ተክሉ ቅጠል በቅጠል ይሆናል እንጂ አያፈራም። ቀኑ አጥሮ ማፍራት ሲጀምር ደግሞ ውርጩ ይደርስና ቅጠሉን ያቃጥለዋል።

ኒው ዚላንድ ላይ ግን ቀናው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከደቡብ አሜሪካ ገብቶ እዚያው ለመደ። አገሩ የበልግ ብርዱ ለስለስ ያለ በመሆኑ ኦካው ማፍሪያ ጊዜ ያገኛል። ሰዉ “ያም” ብሎ ይጠራዋል፤ ከእውነተኛው ያም (ከቦዬ) ጋር ግን ምንም ዝምድና የለውም። በክረምት ከተጠበሰ ሥጋ ጋር ያቀርቡታል። ሜክሲኮ ውስጥም አለ፤ ጥሬውን በጨው፣ በሎሚና በሚያቃጥል በርበሬ ይበሉታል።

ኦካን ማሻሻል አስቸጋሪ የሆነበት ሌላም ምክንያት አለ። አበባው ሦስት ዓይነት ነው። ዘር ለመያዝ አንዱ ዓይነት ከሌላው ጋር መዳቀል አለበት፤ አንድ ዓይነት ብቻ የተተከለበት ማሳ ዘር አያፈራም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ገበሬው ሁልጊዜ የሚተክለው ሥራ ሥሩን ራሱን ነው። እንዲህ ሲሆን ቫይረስ ካለበት ከዓመት ወደ ዓመት አብሮ ይተላለፋል። እያደር ምርቱ ይቀንሳል። በፔሩ ዋና ከተማ ሊማ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል ከድንች ሌላ የኦካ ዝርያዎችንም ሰብስቦ ያቆያል።

ትልቁ የዘር ጎተራ ግን አሁንም የገበሬው እጅ ነው። ከፔሩ ከተማ ከኩስኮ አጠገብ ባለው የላሬስ ሸለቆ ገንዘብ የማይገባበት የዕቃ በዕቃ ገበያ አለ። የደጋዎቹ ሴቶች ድንችና ኦካ ተሸክመው ይወርዳሉ፤ የቆላዎቹ ፍራፍሬ ይዘው ይወጣሉ። ለምግብ የተለወጠው ኦካ አንዳንዴ ለዘር ይቀመጣል።