የተሰበረ አጥንት እንዴት ይገጥማል?

አጥንት ከላይ ሲታይ በድን ነገር ይመስላል። እውነታው ግን ሌላ ነው፤ ደም የሚዘዋወርበት፣ ዕድሜ ልኩን እየፈረሰ የሚሠራ ሕያው አካል ነው። ቆዳ በጥልቀት ሲቆስል ጠባሳ ትቶ ይድናል። አጥንት ግን በደንብ ከገጠመ ክፍተቱ የሚሞላው በራሱ በአጥንት ነው። ጄሶም አያድንም። ሥራው የተሰበሩትን ጫፎች በቦታቸው ይዞ ማቆየት ነው፤ ጥገናው የሰውነት ነው።

ጥገናው ወዲያው ይጀምራል። አጥንቱ ሲሰበር በውስጡና በዙሪያው ያሉ የደም ሥሮች ይበጠሳሉ፤ የፈሰሰው ደምም እዚያው ይረጋል። ቦታው ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ይጠዘጥዛል። እብጠቱ ጭንቅ ቢሆንም ያለ ምክንያት አልመጣም። የሞተውን የሚያጸዱና አዲሱን የሚሠሩ ሴሎች ወደ ስብራቱ የሚጎርፉት በዚህ ጊዜ ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ሁለቱን ጫፎች የሚያያይዝ ለስላሳ ድልድይ ይበቅላል። ሐኪሞች ካለስ ይሉታል። ሲነካ እንደ አፍንጫ ጫፍ የሚተጣጠፍ፣ ገና ካልሲየም ያልያዘ ነገር ነው። ስለዚህ ራጅ ላይ አይታይም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ራጅ ተነስቶ ስንጥቁን እንዳለ ሲያየው ይደነግጣል፤ ሥራው ግን ተጀምሯል።

ቀጥሎ ኦስቲዮብላስት የሚባሉት አጥንት ሠሪ ሴሎች ድልድዩን በካልሲየምና በፎስፌት ያጠነክሩታል። አሁን ራጁ ላይ ይወጣል፤ አንዳንዴም በእጅ ሲዳሰስ ጎበጥ ብሎ ይገኛል። የአዋቂ ሰው የእጅ አንጓ ስብራት አብዛኛውን ጊዜ በ6 ሳምንት ገደማ ይይዛል። የቅልጥም አጥንት ግን 3 ወይም 4 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሕፃናት ሌላ ዓለም ናቸው። አዋቂን ለወራት የሚያስተኛ የጭን ስብራት፣ አራስ ልጅ ላይ በ3 እና በ4 ሳምንት ውስጥ ሊገጥም ይችላል።

ጄሶው ሲፈታ ነገሩ ያለቀ ይመስላል፤ አላለቀም። ኦስቲዮክላስት የተባሉ ሴሎች ትርፉን እየበሉ፣ ሠሪዎቹም በሚያስፈልገው ቦታ እየጨመሩ አጥንቱን ለወራት፣ ለዓመታትም ይቀርጹታል። ጀርመናዊው ሐኪም ጁሊየስ ቮልፍ በ1892 እንደጻፈው አጥንት ቅርጹን የሚያስተካክለው በሚሸከመው ጫና ልክ ነው። ልጆች ላይ በመጠኑ ጎብጦ የገጠመ አጥንት እያደሩ የሚቃናውም በዚሁ ቅርጻ ነው። ተጠማዞ የገጠመ ግን በራሱ እምብዛም አይስተካከልም። «የተሰበረ አጥንት ከበፊቱ ይጠነክራል» የሚባለውንም ብዙ አትመኑት። ካለሱ ወፍራም በሆነበት ሰሞን ቦታው ሊጠነክር ይችላል፤ ግን ያልፋል። እጅና እግሩማ ሥራ ፈትቶ ስለከረመ ይባስ ይደክማል።

እንቅስቃሴም ግራ የሚያጋባ ጉዳይ ነው። ትንሿ ካለስን ታበረታታለች፤ የበዛው አዲሶቹን የደም ሥሮች እየበጠሰ ሥራውን ያፈርሳል። በብረትና በብሎን ግጥም ተደርጎ የታሰረ ስብራት ደግሞ ካለስ ሳያበቅል በቀጥታ ሊገጥም ይችላል። በሳይቤሪያዋ ኩርጋን ከተማ ይሠራ የነበረው የአጥንት ሐኪም ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ ከዚህ አልፎ ሄደ። አጥንቱን ቆርጦ፣ ጫፎቹን በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ እያራራቀ በመሃል አዲስ አጥንት አበቀለ። አጭር እግር ዛሬም በዚህ መንገድ ይረዝማል።

ሁሉም ስብራት ግን አይገጥምም። ሲጋራ፣ በቅጡ ያልተያዘ የስኳር በሽታና ቆዳው በተቀደደበት ክፍት ስብራት የሚገባ ኢንፌክሽን ያጓትቱታል። የደም አቅርቦትም ወሳኝ ነው። በአውራ ጣት ሥር፣ አንጓው ላይ ያለችው ስካፎይድ የምትባለው ትንሽ አጥንት ደም የምታገኘው በአብዛኛው በአንድ በኩል ነው። ስትሰበር ሌላኛው ጫፏ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። እንዲህ እምቢ ያለ ስብራት ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል፤ ሐኪሞች ከታማሚው ከራሱ የዳሌ አጥንት ቆንጥረው ክፍተቱ ውስጥ ይተክላሉ።