«ግብር በዝቶባቸው ነው» የምትሉ፣ እስቲ ስሙኝ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ ሰዎችን ቅዳሜ ቅዳሜ አስጠናለሁ። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር የነበሩት አሜሪካኖች እንግሊዝን ለምን ወጉ ብዬ ስጠይቅ መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ «ግብር በዝቶባቸው»። ቦስተን ወደብ ላይ ሻይ የደፉትም ሻይ ስለተወደደ ይመስላቸዋል። በጣም ሰለቸኝ።

ሻዩ አልተወደደም፣ ረከሰ እንጂ! እ.ኤ.አ. በ1773 የወጣው የሻይ ሕግ አዲስ ቀረጥ አልጣለም። በአንድ ፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) ሻይ 3 ፔኒ የሚከፈለው ቀረጥ ከ1767 ጀምሮ የነበረ ነው። ሕጉ ያደረገው ሌላ ነው፤ ሻይ በመጋዘን ተከምሮበት ሊከስር የደረሰው የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የለንደን ነጋዴዎችን ሳይጠብቅ በቀጥታ አሜሪካ ወስዶ እንዲሸጥ ፈቀደለት፣ እንግሊዝ ላይ ይከፍለው የነበረውንም ቀረጥ አነሳለት። ስለዚህ ሻዩ ከሆላንድ በኮንትሮባንድ ከሚገባው ጋር በዋጋ መፎካከር ቻለ።

አንድ አባት ተማሪዬ «ታዲያ ከረከሰ ምን አስቆጣቸው ልጄ?» አሉኝ። ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው! ርካሹን ሻይ የገዛ ሁሉ 3ቱን ፔኒ ይከፍላል። ከከፈለ ደግሞ እሱ አንድም ተወካይ ያልላከበት ለንደን ያለ ፓርላማ ሳያማክረው እንዲያስከፍለው እሺ አለ ማለት ነው። ሻጮቹም የተመረጡ ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ቦስተን ላይ ሁለቱ የአገረ ገዢው የቶማስ ሃቺንሰን ልጆች ነበሩ። ሌላው ነጋዴ በሩ ተዘጋበት። ዲሴምበር 16 ማታ 342 ሳጥን ሻይ ባሕር ገባ።

ግብሩ ከባድ ነበር? እንግሊዝ ያለው ሕዝብ ከእነሱ በብዙ እጥፍ ይከፍል ነበር።

ሻዩ የሕንድ ነው? የቻይና ነው።

ዘራፊዎች ነበሩ? ሻይ ኪሱ የከተተ ሰው እዚያው ተይዞ ተዋርዷል።

ፈተና ላይ ኦፊሰሩ ሲጠይቃችሁ «ከፍተኛ ግብር» ብትሉ ታልፋላችሁ፣ መልሶቹ ውስጥ አለ። ግን እባካችሁ አጠገቡ ያለውን «ያለ ውክልና ግብር» የሚለውን ያዙ። ቁጣው ያለው እዚያ ነው።

እኚያ አባት ገና አልተዋጠላቸውም ነበር። ስንወጣ መኪናቸው ጋ ሄድን። ታርጋው የዲሲ ነው። ዲሲ የሚኖር ሰው የፌደራል ግብር ይከፍላል፣ ኮንግረስ ውስጥ ግን ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ የለውም። ታርጋው ግርጌ ላይ ያለችውን ጽሑፍ በጣቴ አሳየኋቸው፦ ያለ ውክልና ግብር ይቁም። ጎንበስ ብለው እንግሊዝኛውን ቃል በቃል አነበቡት።

«ስንት ጊዜ አጥቤዋለሁ እኮ» አሉ።