ቶኔት ወንበር ምንድን ነው?

ቶኔት የሚባለው፣ እንጨቱ በመጋዝ ቅርጽ ሳይወጣለት በእንፋሎት ታጥፎ የሚሠራ ወንበር ነው። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1796 በራይን ወንዝ ዳር፣ ቦፓርድ ከተማ ከተወለደው ጀርመናዊ አናጺ ከሚካኤል ቶኔት ነው። ከሥራዎቹ ሁሉ ስመ ጥሩ በ1859 የወጣው ቁጥር 14 ነው፦ ጀርባው የተቆለመመ፣ መቀመጫው ክብ፣ እግሩ ቀጭን።

ማጠፍ ለምን አስፈለገ? ባሕር ዳር ውስጥ አናጺ ቤት ለጥገና የመጡትን ወንበሮች ልብ ብላችሁ እዩ። ብዙውን ጊዜ የሚሰበሩት የኋላ እግራቸው በሚጎብጥበት ቦታ ነው። ጎባጣው ቅርጽ ዋንዛ ጣውላ ላይ ተስሎ በመጋዝ ሲወጣ የእንጨቱ ጅማት እዚያው ይቆረጣል፤ ሰው ደገፍ ሲል ይሰነጠቃል። ኮላ ቢቀባም ብዙ አይሰነብትም። የቶኔት ጅማት ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆረጥ ነው የሚታጠፈው፤ የጣና ታንኳ ሠሪ የደንገሉን አፍንጫ ሳይቆርጥ ወደ ላይ ቀልብሶ እንደሚያስረው ማለት ነው።

ዋናው ጥበብ ያለው ግን ላሜራው ላይ ነው፤ እኔን በጣም የሚያስደንቀኝም እሱ ነው። በእንፋሎት የለሰለሰ እንጨት መጨመቅን ይችላል፣ መለጠጥን ግን እምብዛም። ዝም ብለው ካጠፉት በውጪው ጎን ይተረተራል። ቶኔት በውጪው በኩል ቀጭን የብረት ላሜራ አድርጎ ጫፍና ጫፉን አጥብቆ ያዘው። ላሜራው እንዳይለጠጥ ስለሚከለክለው እንጨቱ ወደ ውስጥ እየተጨመቀ ይታጠፋል፤ በማጠፊያ ቅርጹ (ሞልዱ) ላይ እንደታሰረም ይደርቃል።

ቁጥር 14 ስድስት ቁራጭ እንጨት፣ 10 ቪቴና 2 ዳዶ ብቻ ነው። ተፈታትቶ ሲታሸግ 36 ወንበር በአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን ይገባ ነበር። በዚህ የተነሣ ባሕር ተሻግሮ በርካሽ ተሸጠ፤ እስከ 1930 ድረስ 50 ሚሊዮን ያህል እንደተሸጠ ይነገራል። ዛሬ በካርቶን መጥቶ ቤት ውስጥ ለሚገጣጠመው የቤት ዕቃ መንገዱን የጠረገው ይህ ወንበር ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። አርክቴክቱ ሌ ኮርቡዚዬም በ1925 ፓሪስ ላይ ባሳየው ሞዴል ቤት ውስጥ የቶኔትን ወንበሮች አስቀምጧል።

የኛ አናጺዎች ቢሞክሩት ደስ ይለኛል። እንጨቱ ጅማቱ ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለበትና ትንሽ እርጥበት የቀረው ይሁን፤ ለ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት ያህል በእንፋሎት ይቆይ። ከወጣ በኋላ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ላሜራውና ማጠፊያ ቅርጹ አስቀድመው ተዘጋጅተው ይጠብቁት።