የውሃ ዓይነት ፖኬሞን ምንድን ነው?

ፖኬሞን እ.ኤ.አ. በ1996 ጃፓን ውስጥ የወጣ ጌም ነው። ፍጡራን ትይዛላችሁ፣ ታሳድጋላችሁ፣ ታፋልማላችሁ። እያንዳንዱ ፍጡር አንድ ወይም ሁለት ዓይነት አለው፤ እሳት፣ ሣር፣ ኤሌክትሪክ፣ ድንጋይ እያለ ይቀጥላል። በብዛት አንደኛው ውሃ ነው።

ማን ማንን እንደሚጎዳ የሚወስነው ይኸው ዓይነት ነው። የውሃ ጥቃት እሳትን፣ መሬትንና ድንጋይን እጥፍ ይመታል። ሣር፣ ድራጎንና ራሱ ውሃ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ጉልበቱ በግማሽ ይወርዳል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ውሃን የሚያስመርጠው ዱላ መቻሉ ነው። የሚፈራው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ሣርና ኤሌክትሪክ። እሳት፣ በረዶ፣ ብረትና ውሃ ሲመቱት ጉዳቱ ግማሽ ነው። ቫፖሪዮን የምትባለዋ የውሃ ፍጡርማ በውሃ ሲመቷት ጭራሽ ላይፏ በሩብ ይጨምራል!

ጥቃት ስትመርጡ ሃይድሮ ፓምፕ በ110 ጉልበቱ ያጓጓል። ችግሩ፣ የመምታት ዕድሉ 80 በመቶ ነው፤ የሚስተው ደግሞ ሁሌ በጭንቅ ሰዓት ይመስላል። ሰርፍ ጉልበቱ 90 ቢሆንም ዕድሉ 100 በመቶ ነው። እኔ ሰርፍን አለቅም።

ስለ ውሃ አውርቶ ማጂካርፕን መዝለል አይቻልም። መጀመሪያ የሚያውቀው ጥቃት ስፕላሽ ብቻ ነው። ዓሣው ይንፈራገጣል፣ ጌሙም "ምንም አልተፈጠረም" ይላችኋል። አለቀ። በመጀመሪያዎቹ ጌሞች አንድ ሰውዬ ይህንኑ ጉድ በ500 የጌሙ ገንዘብ ይሸጥላችኋል። ተበላሁ ትላላችሁ። ታግሳችሁ ሌቭል 20 ካደረሳችሁት ግን ጋያራዶስ የሚባል አስፈሪ አውሬ ይሆናል።

ጋያራዶስ ውሃም በራሪም ነው። ሁለት ዓይነት መሆን ደግሞ ዕዳም አለው፤ ሁለቱም ኤሌክትሪክ ስለሚፈሩ ጉዳቱ አራት እጥፍ ይሆንበታል። ስዋምፐርት የሚባለው ፍጡር ግን ውሃና መሬት ስለሆነ ኤሌክትሪክ ጨርሶ አይነካውም፤ እሱን አራት እጥፍ የሚጎዳው ሣር ነው።

ዝናብም አለ። ካዮገር የሚባለው ግዙፍ ፍጡር ገና ሜዳ ሲገባ ይዘንባል። ያኔ የውሃ ጥቃት ጉልበት በግማሽ ይጨምራል፣ የእሳት ደግሞ በግማሽ ይቀንሳል። ለውሃ ቡድን ሠርግና ምላሽ ነው። ብቻ ተንደር የሚባለውን የኤሌክትሪክ ጥቃት አትርሱ። በደህናው ቀን የመምታት ዕድሉ 70 በመቶ ነው፤ ዝናብ ውስጥ ግን አይስትም። ጋያራዶሳችሁም እዚያው ዝናብ ውስጥ ቆሟል።