ገበሎ አስተኔ ምንድን ነው?

በሱሉልታም ሆነ በለገጣፎ ዳር በድንጋይ ካብ የታጠረ ግቢ ያለው ሰው፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ግድም ካቡን ጠጋ ብሎ ይመልከት። ሌሊቱን በስንጥቅ ውስጥ ደንዝዛ ያደረች እንሽላሊት ወጥታ፣ ሆዷን ድንጋዩ ላይ ለጥፋ፣ ጎኗን ለፀሐይ ሰጥታ ትሞቃለች። ገና ሳትሞቅ ሲቀርቧት እግሯ ይከብዳል፤ ረፋዱ ላይ ግን የሰው ጥላ ሲያርፍባት እልም ትላለች።

የገበሎ አስተኔዎች፣ ማለትም የእንሽላሊት፣ የእባብ፣ የኤሊና የአዞ ወገኖች፣ ዋና ጠባይ ይኸው ነው። ሰውና ወፍ ከሚበሉት ምግብ ሙቀት ሲያመነጩ፣ እነዚህ ከፀሐይና ከሞቀ መሬት ይወስዳሉ። «ደመ ቀዝቃዛ» የሚለው የትምህርት ቤት አጠራር ስለዚህ አይመቸኝም፤ ካብ ላይ የተሰጣች እንሽላሊት ደሟ ሞቅ ያለ ነው። ምግባቸውን ለሙቀት ስለማያቃጥሉ በጥቂቱ ረጅም ጊዜ ይቆያሉ፤ ትልቅ ዘንዶ አንዴ ከጠገበ ወራት ሊሰነብት ይችላል። በአንጻሩ ብርድ ያስራቸዋል። በአብዛኛው ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነው የአዲስ አበባ ዙሪያ ከቆላው ያነሰ ዓይነት የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

አከርካሪ አላቸው፣ በሳንባ ይተነፍሳሉ፣ ቆዳቸው ውኃ በማያስወጣ ደረቅ ቅርፊት የተሸፈነ ነው። እንቁላላቸውን የሚጥሉት በየብስ ነው። ቆዳዋ እርጥብ የሆነው እንቁራሪት ከእነሱ አትቆጠርም። ከገበሎ አስተኔዎች አንዳንዶቹ ግን ልጅ ይወልዳሉ፤ ብዙ የእፉኝት ዓይነቶች ከእነዚህ መካከል ናቸው። የእፉኝት ልጆች የእናታቸውን ሆድ ቀደው ይወጣሉ የሚባለው ግን ተረት ነው።

በዓለም ላይ ከሚታወቁት 12,000 ያህል ዝርያዎች አብዛኞቹ እንሽላሊቶችና እባቦች ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ምድብ ይጠቃለላሉ። እባብ የመጣው እግር ከነበራቸው ዘመዶች ነው፤ ዘንዶ እስከ ዛሬ በጅራቱ ሥር ሁለት ትንንሽ የእግር ርዝራዦች አሉት። «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» ያለው ሰው ቤታቸውን በሚገባ አይቷል፤ ካብ ሲፈርስ እጅን ወደ ስንጥቅ አለመስደድ ነው።

እስስትም እንሽላሊት ናት። በእንጦጦ ግርጌ ቁጥቋጦ ላይ ስትገኝ ልጆች በድንጋይ ያሳድዷታል፤ መርዝ ግን የላትም። አንዱን ዓይኗን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ማዞር ትችላለች። መልኳን የምትቀይረው ለመደበቅ ብቻ ይመስለናል፤ ሲበርዳት ሙቀት ለመሳብ ትጠቁራለች፣ ተቀናቃኝ ስታይ ትደምቃለች። በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ጥናት ምስጢሩን አሳይቷል፤ በቆዳዋ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሲቀራረቡና ሲራራቁ የሚያንጸባርቁት ብርሃን ይለወጣል።

ኤሊ ከድንጋይ መሰል ልባሷ ወጥታ መሄድ አትችልም፤ ልባሷ የጎድን አጥንቷና አከርካሪዋ ነውና። በአርባ ምንጭ «የአዞ ገበያ» በጫሞ ሐይቅ ዳር አፉን ከፍቶ የሚሞቀው አዞ ደግሞ፣ ልቡ እንደ እኛ ባለ አራት ክፍል ነው፤ በዝምድናም ከእንሽላሊት ይልቅ ለወፍ ይቀርባል። ጫጩቱ ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው በጎጆው ሙቀት ነው።

ከእንሽላሊትና ከእባብ፣ ከኤሊና ከአዞ ምድቦች ቀጥሎ አራተኛው ምድብ በኒውዚላንድ ብቻ የሚኖረው ቱዋታራ ነው። እንሽላሊት ይመስላል፣ አይደለም፤ የቅርብ ዘመዶቹ ሁሉ ጠፍተዋል። ብርድ በመቻል ከብዙዎቹ ይበልጣል፤ ሌሎቹ በሚደነዝዙበት ቅዝቃዜ ወጥቶ ያድናል።