ነጭ የደም ሴል ቁስሉን እንዴት ያገኛል? የማጣበቂያ ሞለኪውሎችና ብግነት

የሴል ማጣበቂያ ሞለኪውሎች በሴል ገጽ ላይ የተተከሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ሴልን ከሴል ወይም ከተቀመጠበት መደብ ጋር ያያይዛሉ። ዋናዎቹ ቤተሰቦች አራት ናቸው፤ ሴሌክቲን፣ ኢንተግሪን፣ የኢሚዩኖግሎቡሊን ቤተሰብና ካድሄሪን። ካድሄሪን በዋናነት ጎረቤት ሴሎችን አጣብቆ ያቆያል። ብግነት ላይ ሥራ የሚበዛባቸው የቀሩት ሦስቱ ናቸው።

ብግነት ያው ሁላችንም የምናውቀው ነው። ኮዬ ፈጬ ግንባታ ላይ የዋለ ሰው ሚስማር ተረከዙን ይወጋዋል እንበል። (እንዲህ የሆነ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ የቴታነስ ክትባት ይጠይቅ፤ ይህን ሳልል አላልፍም።) ማታ ላይ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይግላል፣ ይጠዘጥዛል። ቆይቶ መግል ይይዛል። መግሉ ውስጥ የሚበዛው ነጭ የደም ሴል ነው። እነዚህ ሴሎች በደም ተገፍተው እየሮጡ፣ እዚያች ተረከዝ ጋ መውረድ እንዳለባቸው በምን አወቁ?

መልሱ ያለው በቀጫጭኖቹ ደም መልሶች ግድግዳ ላይ ነው። የተጎዳው ሥጋ ሂስታሚንና ሌሎች መልእክተኞችን ይለቃል። የግድግዳው ሴሎች ፒ-ሴሌክቲንን አስቀድመው ሠርተው በትናንሽ ከረጢቶች አስቀምጠውታል፤ ከረጢቶቹ በ1964 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በገለጿቸው በዋይቤልና በፓላዴ ስም ይጠራሉ። ስለዚህ በደቂቃዎች ውስጥ ገጻቸው ላይ ያወጡታል። ኢ-ሴሌክቲን ግን እንደ አዲስ ስለሚሠራ ሰዓታት ይፈልጋል። ሴሌክቲን የሚጨብጠው ነጩ ሴል ላይ ያለውን ስኳር ነው፤ አጨባበጡም ልል ነው። በሰበታ ማሳ መሃል ስታልፉ ሱሪያችሁ ላይ የሚለጠፈውን ጭጎጎት አስቡት። አንዷ ፍሬ በቀላሉ ትነቀላለች፣ መቶ ሲሆኑ ግን ልብሱን ይጎትታሉ። ሴሉም እየተያዘ፣ እየተለቀቀ፣ ግድግዳውን ታኮ ይንከባለላል።

ሲንከባለል ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ኬሞካይኖች (ነጭ ሴል የሚጠሩ መልእክተኛ ፕሮቲኖች) ያገኙታል። ያኔ ታጥፈው የነበሩት ኢንተግሪኖቹ ይዘረጋሉ። ኤል-ኤፍ-ኤ-1 የተባለው ኢንተግሪን አይካም-1ን፣ ቪ-ኤል-ኤ-4 የተባለው ደግሞ ቪካም-1ን ጭምድድ አድርገው ይይዛሉ፤ ተያዦቹ ግድግዳው ላይ ያሉ የኢሚዩኖግሎቡሊን ቤተሰብ አባላት ናቸው። ሴሉ ቀጥ ይላል፣ ይለጠጣል፣ ብዙውን ጊዜ በሁለት የግድግዳ ሴሎች መሃል ሾልኮ ይወጣል። ጀርመናዊው ሐኪም ኮንሃይም ይህን መውጣት በእንቁራሪት ላይ አይቶ የጻፈው በ1867 ነው።

ማጣበቂያው ሲጎድል ምን እንደሚሆን ሕፃናት አሳይተውናል። ሲዲ18 የተባለው የኢንተግሪን ክፍል በዘር የተበላሸበት ሕፃን አለ፤ በሽታው ብርቅ ነው። በአብዛኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚወድቀው እትብት ከሦስት ሳምንት በላይ ይቆያል። ደሙ ሲመረመር ነጭ ሴሉ ከመጠን በላይ ነው። ቁስሉ ግን መግል የለውም። ሠራዊቱ መንገድ ላይ ሞልቶ በሩን ማለፍ አቅቶታል።

በመድኃኒት ማጣበቂያውን መዝጋትም ዋጋ አለው። የቪ-ኤል-ኤ-4ን መያዣ የሚዘጋው ናታሊዙማብ በ2004 መልቲፕል ስክለሮሲስ ለተባለው የነርቭ በሽታ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። አንዳንድ ታማሚዎች ላይ የአንጎል ቫይረስ ስለተነሳ በ2005 ከገበያ ወጣ፣ በ2006 በጥብቅ ክትትል ተመለሰ። ወባም ከእነዚህ ማጣበቂያዎች በአንዱ ይጠቀማል። ፋልሲፓረም በተባለው የወባ ተውሳክ የተያዘ ቀይ ሴል አይካም-1 ላይ ሊጣበቅ ይችላል፤ ለአንጎል ወባ ያለው ድርሻ ግን አሁንም ያከራክራል።

ላብራቶሪ የሚሠራ ሰው ይህን ነገር በቁጥር ያየዋል። ብግነትን የሚያበርደውን ፕሬድኒሶሎንን የጀመረ ታማሚ ነጭ ሴሉ ያለ ኢንፌክሽን ከፍ ሊል ይችላል። አንዱ ምክንያት ግድግዳ ታከው የነበሩት ሴሎች ለቀው ወደ ደሙ መሃል መግባታቸው ነው።

ይህ መድኃኒት ደግሞ ወደ ሰፈራችን ይወስደናል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ወዳለው ዘነበወርቅ። ያኔ ከከተማው ውጭ በነበረው በዚህ ቦታ የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከሉ አለርት በ1965፣ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ደግሞ በ1970 ተመሠረቱ። ተቋሙ ስሙን ያገኘው የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። የአገራችን የኢሚዩኖሎጂ ምርምር ትልቅ ባለውለታ ነው፣ ይህን በኩራት እንናገራለን። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ራሱ ተጣባቂ ነው፤ ላሚኒን በተባለ ፕሮቲን በኩል የነርቭ ሽፋን ሴሎችን ይይዛል። ሕክምናው ባክቴሪያውን ገድሎም፣ በሕክምናው መሃል ወይም ካለቀ በኋላ ድንገተኛ ብግነት ሊነሳ ይችላል። ነጭ ሴሎች ወደ ቆዳና ወደ ነርቭ ይጎርፋሉ። ነርቭ ጠባብ ቦታ ላይ ሲያብጥ ይታፈናል፤ ጣት ይደነዝዛል፣ እጅ ይዝላል። ለዚህ የሚሰጠው ያው ፕሬድኒሶሎን ነው። ከሥራዎቹ አንዱ የደም ሥር ግድግዳ አይካም-1ንና ኢ-ሴሌክቲንን እንዳያበዛ መግታት ነው። ጣቱ መደንዘዝ የጀመረ ታማሚ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ይምጣ የሚባለውም ነርቩ ሳይሞት እንዲደረስለት ነው።