ክሪታርኪ ምንድን ነው? የዘመነ መሳፍንት የስም ዘመድ

ባለፈው ሳምንት ጃንተከል ዋርካ አጠገብ ባጃጅ ስንጠብቅ የጎረቤቴ ልጅ አንድ ጥያቄ ጣለብኝ። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው፣ ሰንበት ትምህርት ቤትም ይማራል። «ጋሼ፣ መጽሐፈ መሳፍንት እንግሊዝኛው ላይ የዳኞች መጽሐፍ ነው የሚለው። ታዲያ የእኛው ዘመነ መሳፍንት የዳኞች ዘመን ነበር ማለት ነው?»

ሳቄ መጣ። ጎንደር ውስጥ ዘመነ መሳፍንት ሲባል ዳኛ ትዝ የሚለው ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ልጁ ግን ሳያውቀው የአንድ እንግዳ ቃል ደጃፍ ላይ ቆሟል። ቃሉ ክሪታርኪ ነው።

ከግሪክ የመጣ ነው። «ክሪቴስ» ዳኛ ማለት ነው። መጽሐፈ መሳፍንትም በግሪኩ «ክሪታይ»፣ ማለትም ዳኞች ይባላል። የቃሉ ጭራ «ሞናርኪ» ላይ ያለው ራሱ ነው፤ መግዛት ማለት። ሲገጣጠም የዳኞች አገዛዝ ይሆናል። ዋናው ሥልጣን በንጉሥ፣ በፓርላማ ወይም በጦር አዛዥ እጅ ሳይሆን በዳኛ እጅ ያለበት አገር ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሚያምታታ ነገር አለ። እኛም ጋ ድሮ ሹም ይዳኝ ነበር። ጭቃ ሹሙም ደጃዝማቹም ችሎት ይቀመጣሉ፤ የመጨረሻው ይግባኝ ንጉሡ ዘንድ ነው። ይሄ ክሪታርኪ አይደለም። ሹሙ የሚዳኘው ስለተሾመ ነው። በክሪታርኪ ነገሩ ይገለበጣል። ሰውየውን የሚታዘዙት ስለሚዳኝ ነው።

ዋናው ምሳሌ ያው የልጁ መጽሐፍ ነው። ዲቦራ በራማና በቤቴል መካከል ተምር ዛፍ ሥር ትቀመጣለች፣ ሕዝቡ ለፍርድ ወደ እርሷ ይወጣል። ቤተ መንግሥት የላት፣ ግብር አትሰበስብ። ጦርነት ሲመጣ ግን ባርቅን አስጠርታ 10,000 ሰው ይዘህ ዝመት ትለዋለች፣ እሱም ይሄዳል። ሳሙኤል ደግሞ በየዓመቱ ቤቴልን፣ ጌልገላንና ምጽጳን እየዞረ ይፈርድና ወደ ቤቱ ወደ ራማ ይመለሳል። ተዘዋዋሪ ችሎት በሉት። እውነቱን ለመናገር ከመሳፍንቱ አብዛኞቹ ጦረኞች ናቸው። ሶምሶን ችሎት ተቀምጦ ሲፈርድ በዓይነ ኅሊናዬ ሊመጣልኝ አልቻለም።

አወዳደቁም እዚያው ተጽፏል። ሳሙኤል ሲያረጅ ልጆቹን ኢዮኤልንና አብያን ቤርሳቤህ ላይ ዳኞች አደረጋቸው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ያሉ ይመስል መማለጃ ተቀበሉ፣ ፍርድ አጣመሙ። ሽማግሌዎቹ መጥተው «ንጉሥ አንግሥልን» አሉ። ዳኛ ጉቦ በላ ማለት በዚህ ዓይነት አገዛዝ መንግሥት ፈረሰ ማለት ነው። ሌላ የሚደገፍበት ምሰሶ የለውማ።

አሁን ወደ ጎንደር። ራስ ሚካኤል ስሑል በ1761 ዓ.ም. አፄ ኢዮአስን ካስገደለ በኋላ ያለውን ዘመን ሊቃውንቱ ዘመነ መሳፍንት ያሉት ያንን መጽሐፍ አስበው ነው። መጽሐፉ በእስራኤል ንጉሥ አልነበረም፣ ሰውም ሁሉ ደስ ያለውን ያደርግ ነበር ይላል። ስሙ የተወሰደው ከዚያ ትርምስ እንጂ ከዲቦራ ዛፍ አይደለም። ጎንደር ላይ ንጉሥ እንኳ አልጠፋም። አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ብቻቸውን ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ ወርደዋል፤ «ፍጻሜ መንግሥት» የሚል ቅጽልም ተርፏቸዋል። ሥልጣኑ ግን ጦር ያለው እንደራሴ ጋ ነበር። ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብሎ እስኪነግሥ እንዲሁ ቀጠለ። በግዕዝ «መስፍን» ፈራጅም ገዢም ነው። እኛ ገዢነቱን ይዘን ፈራጅነቱን ጣልነው።

ስሙ ባይኖርም ነገሩ መንገድ ላይ አለ። እዚያው ቆመን ሁለት ባጃጆች ተጋጩ። ሾፌሮቹ አንገት ለአንገት ሊተናነቁ ሲሉ ጋቢ የለበሱ አባት «በሕግ አምላክ!» አሉ። ሁለቱም ቆሙ። አባ አንዱን ጠየቁ፣ ሌላውን ጠየቁ፣ የተላጠውን ቀለም በጣታቸው ዳበሱት። «አንተ ነህ ሳታይ የታጠፍከው፣ አሠራለት» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሾፌሩ እያጉረመረመ ስልክ ቁጥሩን ሰጠ። ትራፊክ ፖሊስ የለ፣ ማኅተም የለ። ደም ለማድረቅ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ጉልበትም ከዚህ የተለየ አይደለም። ማሰር አይችሉም። ቃላቸውን የጣሰ ግን ቀብር ላይ ማን አጠገቡ ይቆማል?

ጎረቤታችን ሶማሊያ ውስጥ ሔር የሚባለው የጎሳ ሕግ እንዲሁ በሽማግሌዎች ፍርድ የሚሠራ ነው። የደም ካሳው በግመል ይቆጠራል። ክሪታርኪን የሚወዱ ጸሐፊዎች ደጋግመው የሚጠቅሱት እሱን ነው። እኔ ግን የእስልምና ፍርድ ቤቶች ኅብረት ታሪክ ይበልጥ ይገርመኛል። መንግሥት በፈረሰበት ሞቃዲሾ በየሰፈሩ ሌባ ለመቅጣት የተቋቋሙ ችሎቶች ነበሩ። ፍርዳቸውን ለማስፈጸም ታጣቂ ያዙ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2006 የጦር አበጋዞቹን አባርረው ከተማዋን ተቆጣጠሩ፤ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ የኢትዮጵያ ጦር ገብቶ ተበተኑ። ጠመንጃ ከያዙ በኋላ ዳኛ ነበሩ ወይስ መስፍን በእኛ ትርጉም? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል።

ዛሬ ቃሉ በአብዛኛው ስድብ ነው። ፍርድ ቤት ከድርሻው በላይ ሄደ የሚል ሰው «የዳኞች መንግሥት» ይላል፤ አባባሉን ያስፋፋው ኤድዋር ላምበር የተባለ ፈረንሳዊ የሕግ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። ታይላንድን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ በምክር ቤቱ ብዙ ወንበር ያለውን ፓርቲ አፈረሰ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም አወረደ።

ባጃጅ ሲመጣ ልጁ «እኛ ጋስ?» አለኝ። እኛ ጋማ ተቃራኒው ነው። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም የመጨረሻው ቃል በአንቀጽ 83 የተሰጠው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ ለፍርድ ቤት አይደለም።

«ታዲያ የቅድሙ አባትዬ ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ይበልጣሉ በለኛ!» ብሎኝ ገባ።